የናኹዳው አማና

መካነ ሰላም ውስጥ አባቴ የሠራውን በር መለየት ቀላል ነው። በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ስንጥቅ ዘይት በጠጣ ጥጥ ወትፎ፣ በመሮና በእንጨት መዶሻ እየመታ ስለሚደፍነው ነፋስ አያስገባም። ክረምት ላይ ጉሙ ከተማውን ሲውጠው ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ሥር ጆንያ ይጎዘጉዙ ነበር፤ የእኛ ደጃፍ ግን ደረቅ ነው። ሰዎች «ይህን ሙያ ከየት አመጣኸው?» ሲሉት «ከባሕር» ይላል። ብዙዎቹ ቀልድ ይመስላቸዋል። በር ሊያሠራ ከከላላ የመጣ አንድ ገበሬ «ባሕር ስትል ባሕር ዛፉን ነው?» ብሎ ጠይቆት፣ አባቴ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ቆየና «እሱማ ስሙን ብቻ ነው የያዘው፤ ውኃ ሲነካው ይጣመማል» አለው።

አባቴ የተወለደው ከከተማው ወጣ ብላ ባለች የገበሬ ጎጥ ውስጥ ነው። እስኪጎረምስ ድረስ ያየው ትልቁ ውኃ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነበር። መሬቱ ለወንድማማቾቹ ሁሉ አልዳረስ ሲል እሱ ታናሽ ነበርና ወጣ። በወረኢሉ አድርጎ ደሴ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ በባቲ ቁልቁል አሰብ ወረደ። በዚያን ጊዜ ከወሎ አሰብ መውረድ ብርቅ አልነበረም። ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሙቀቱ ሲበረታበት ጥላ ፍለጋ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ተጠጋ። አሸዋው ላይ አንዲት የእንጨት ጀልባ በጎኗ ተጋድማ ሰዎች ይጠግኗታል። ሳንቡክ ይሏታል፤ አንድ ረጅም ምሰሶና አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያላት፣ ሞተር የሌላት የዓሣ ጀልባ ናት። ከጠጋኞቹ መካከል አንደኛው ቀና ብለው አዩትና፣

«አንተ ወሎዬ፣ እዚያ ተገትረህ ከምታየን ያን መዶሻ አታቀብለኝም?» አሉት።

አቀበላቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ጆንያው አልተመለሰም።

ባሕርተኞች የጀልባን አዛዥ ናኹዳ ይሉታል። እኛም ቤት ውስጥ ሰውየውን በስማቸው ጠርተናቸው አናውቅም፤ ናኹዳ ነበር የምንላቸው። አባታቸው ከባሕሩ ማዶ ከየመን የመጡ፣ እናታቸው አፋር ነበሩ። አማርኛቸው ዐረብኛ የተቀየጠበት ነው። ቀጭን ረጅም ሰው ነበሩ፤ መዳፋቸው ገመድ ሲፈትገው የኖረ ስለሆነ ሲጨብጡኝ እንደ ቅርፊት ይሻክረኝ ነበር። አባቴን ከመዶሻ አቀባይነት አንሥተው ጥጥ መወተፍ፣ ሳንቃ በእንፋሎት እያለሰለሱ ማጉበጥ፣ ሸራ መስፋት አስተማሩት። ብዙ ዓመት አብረው ከሠሩ በኋላ የራሳቸውን ሳንቡክ ሠሩ። ጎድኗን ከግራር፣ ሳንቃዋን ከሕንድ ከመጣ እንጨት። ግማሽ በግማሽ ተባባሉ። እኔ የተወለድኩት እሷ ውኃ በገባች ሰሞን ነው። እናቴን ምጥ ሲይዛት አባቴ ባሕር ላይ ስለነበር፣ «በአንድ ሰሞን ሁለት ሴት ልጅ አገኘ፤ የምትወደደው ግን አንዷ ናት» እያለች እስከ እርጅናዋ ድረስ ትነዘንዘው ነበር።

ሳንቡክ ብዙ እንክብካቤ ትፈልጋለች። በየጊዜው ወደ አሸዋው ተስባ ሆዷ በኖራና በሞራ ይለቀለቃል፤ ከውኃ በላይ ያለው ገላዋ የሻርክ ጉበት ዘይት ይቀባል። የዘይቱ ሽታ ከአባቴ ልብስ አይለቅም ነበር። እናቴ ልብሱን ለብቻው ታጥባለች፣ ለብቻው ታሰጣለች። እኔ ግን ያንን ሽታ እወደው ነበር፤ አባቴ ከባሕር መመለሱን የማውቀው ከበሩ ሳይገባ በሽታው ነው።

አባቴና ናኹዳው አንድ ጊዜ ብቻ ባሕር ይዘውኝ ወጡ። እናቴ እምቢ ብላ ነበር፤ ናኹዳው ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው «እኔ አለሁ አይደል?» ብለው አስፈቀዱልኝ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ሰዎቹ በአንድ ድምፅ እየተቀባበሉ ገመዱን ሲጎትቱ ሸራው ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ነፋሱ ድንገት ሞላውና ጀልባዋ ወደ አንድ ጎኗ አዘነበለች። ጮኽኩ። ናኹዳው ከመሪው ሳይነሡ፣

«አትፍሪ ልጄ፣ እንዲህ ስታዘነብል ነው የምትሄደው» አሉኝ።

የሞተር ድምፅ የለም። ውኃው ሳንቃውን ሲታከከው ይሰማል፣ ምሰሶው ያቃስታል፣ ሌላ ምንም የለም። ከወደቡ ፊት ለፊት ካሉት ደሴቶች አንዷን አልፈን መረብ ጣሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነፋሱ ጸጥ አለና ባለንበት ቆምን። በሸራው ጥላ ሥር ተቀምጠን ሩዝ በዓሣ በላን። ከዚያ አባቴ መሪውን ያዘና ናኹዳው ተኙ። ትንሽ ቆይቶ ናኹዳው ነቅተው መሪውን ሲቀበሉት ደግሞ አባቴ ተኛ። አባቴን በቀን ሲተኛ አይቼው አላውቅም ነበር። አፉን ከፍቶ፣ እጁን ጀልባዋ ጎን ላይ አድርጎ ተኛ። ልጅ ብሆንም የዚያ ሰው ቤቱ እዚያ እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ በኖረበት ቤት ሁሉ እንደዚያ ተኝቶ አላየሁትም።

ከዚያ ጊዜው ተበላሸ። በኤርትራ የነበረው ጦርነት ወደ አሰብ እየቀረበ ሲመጣ ሰፈራችን ውስጥ ዕቃ የማያስር ቤት ጠፋ። አባቴ እናቴንና እኔን ሊያስቀምጥ ወደ አገሩ ይዞን ለመውጣት ወሰነ። በመጨረሻው ቀን ከናኹዳው ጋር ሆነው ሳንቡኳን ከውኃው በጣም አርቀው ወደ አሸዋው ሳቧት። በግንድ አስደገፏት። አባቴ ዙሪያዋን ዞረ፤ አንድ የላላ ቦታ አግኝቶ በመሮው መታ መታ አደረገው። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«እንግዲህ ናኹዳ፣» አለ መሮውን ኪሱ እየከተተ፣ «አማና ብዬዎታለሁ።»

ናኹዳው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አማናህን ተቀብያለሁ» አሉ።

አማና በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ነው፤ አደራ ማለት ነው። ቁልፍ ለጎረቤት ስንሰጥ፣ ልጅ ለአስተማሪ ስንተው አማና እንላለን። አባቴም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲለው የኖረ ቃል ስለሆነ ሁለት ጊዜ አላሰበበትም። ተቃቅፈው ተሰነባበቱ፤ ጭነት መኪናው ላይ ወጣን።

መካነ ሰላም ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። እዚያ የነበሩ ልጆች አነጋገሬን ሰምተው «የአሰቧ» አሉኝ፤ ስሙም እስከ ዛሬ በአንዳንዱ ሰው አፍ አለ። አባቴ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን እናቱ ታመመች። ታናሽ ልጇ ከስንት ጊዜ በኋላ ተመልሶላት፣ በታመመች ጊዜ ጥሏት ይሂድ? አልሄደም። እሷ ስታርፍ ተዝካሩ መጣ። ተዝካሩ ሲወጣ እህቴ ተወለደች። ከዚያ ቤት መሥራት ነበረብን፤ የቤታችን በር ጥሩ ሆኖ ሲያዩት ሌሎች ሰዎችም ያዝዙት ጀመር።

የሚያሳዝነው፣ በነዚያ ዓመታት መንገዱ ክፍት ነበር። የጭነት መኪኖች ከአሰብ ኮምቦልቻ ይመላለሳሉ። አባቴ ምስማርና ማጠፊያ ሊገዛ ደሴ በሄደ ቁጥር ወደ ኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ሹፌሮቹን ያነጋግራል። ከናኹዳው የሚመጣለት መልእክት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ጀልባዋ ደህና ናት። መቼ ትመጣለህ?» አንዳንዴ በጆንያ የተጠቀለለ ደረቅ ዓሣ ይከተለዋል። እናቴ በሽታው ተማርራ ጓሮ ትሰቅለዋለች። አባቴም በሹፌሮቹ በኩል ይመልሳል፤ አንዴ «ፋሲካ ይለፍና እመጣለሁ በሉልኝ»፣ አንዴ «መኸሩ ይግባና»፣ አንዴ «ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባና»። ሲል ከልቡ ነበር። በየጊዜው መሄጃውን ሲያሰላ ሰምቼዋለሁ። ደግሞ ደህና መሆኗን ስለሚሰማ አይቸኩልም ነበር። ማታ ራት ላይ ተቀምጠን «ናኹዳው ዛሬ ምን አጥምደው ይሆን?» ይለኛል። እኔም የማውቃቸውን ዓሣዎች ስም እየጠራሁ እገምትለታለሁ። በእኛ ሐሳብ ናኹዳው በየማለዳው ያቺን ሸራ እያነሡ ይወጡ ነበር።

ከዚያ፣ ራሷን የቻለች አገር ከሆነችው ከኤርትራ ጋር ሌላ ጦርነት ተነሣና ድንበሩ ተዘጋ። ሹፌሮቹ ቀሩ። ወሬም ዓሣም ቀረ። አባቴ ለጥቂት ጊዜ ኮምቦልቻ መሄዱን አልተወም ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ተወው። እኔ አደግሁ፣ አስተማሪ ሆኜ እዚሁ መካነ ሰላም ተመደብኩ። እናቴ ዐረፈች። ከተማው ውስጥ የብረት በር በዛና የአባቴ ሥራ ቀዘቀዘ። ታናሽ እህቴ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች ጅዳ ሄደች።

ድንበሩ እንደገና የተከፈተ ዕለት አባቴ ወሬውን በሬዲዮ ሰምቶ እየሮጠ ነው ትምህርት ቤት ድረስ የመጣው። ሽማግሌ ሆኖ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ተከፈተ!» አለኝ ገና ከበሩ። «እሄዳለሁ። ሻንጣ ፈልጊልኝ።»

ሻንጣውን ፈለግሁለት። ቀለል ያለ ሸሚዝ ገዛሁለት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የደብሩን አዲስ በር ሊሠራ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሥራውም ተጀምሯል። «የቤተ ክርስቲያን በር ጅምር ትቼ አልሄድም። ጨርሼ ነው» አለ። «አባዬ፣ ሌላ ሰው ይጨርሰው» አልኩት። «የጀመርኩትን?» አለኝ ተቆጥቶ። በሩ ተጠናቀቀ፤ እስከ ዛሬ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ሸሚዙን አጥፎ ሻንጣው ውስጥ ባስቀመጠ ሰሞን መንገዱ ተመልሶ መዘጋቱ ተሰማ። ሻንጣውን ግን አልፈታውም፤ ብዙ ጊዜ አልጋው ሥር እንደታሰረ ቆየ።

ናኹዳውን ያገኘችልን እህቴ ናት። ጅዳ ውስጥ የአሰብ ተወላጆች በስልክ ቡድን ፈጥረው የድሮ ፎቶ ይለዋወጣሉ። ከእነሱ አንዷን ሠርግ ላይ ተዋወቀች። ስለ አባታችን ስትነግራት ሴትየዋ ቡድኑ ውስጥ ጠየቀችላት። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ ናኹዳው በሕይወት አሉ፣ ጅቡቲ ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እህቴ ስትደውልልኝ እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልንደውል ተቀጣጠርን። አባቴ ጢሙን ተላጨ። ኮቱን ለበሰ። ስልኩ ጥሩ የሚይዘው ከቤታችን ጀርባ ካለው ከፍታ ላይ ስለሆነ ወንበር ይዘን ወጣን። ናኹዳው በስልኩ ውስጥ ብቅ ሲሉ አላወቅኋቸውም፤ ፊታቸው ጠቦ፣ ዐይናቸው ሞራ ለብሶ ነበር። ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ሰላም አለይኩም ናኹዳ» አለ አባቴ።

«ወአለይኩም ሰላም! አንተ ወሎዬ፣ ጥርስህን የት ጣልከው?»

«የእርስዎስ የት አለ?»

ሳቁ። እየተቀባበሉ ሳቁ። ስለ ልጆች ተጠያየቁ፣ የእናቴን ሞት ሲሰሙ ናኹዳው ዱዓ አደረጉላት። እኔን አሳያቸው፤ «ይቺ ናት ያቺ ስትጮህ የነበረች?» አሉ። ከዚያ አባቴ ሲጠብቀው የኖረውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ሳንቡካችንስ? ስንት ዓመት አገለገለችዎ?»

አባቴ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ወደ እኔ ዞረ።

«አገለገለችዎ ትለኛለህ?» አሉ ናኹዳው። «አንተ ከሄድክ ወዲህ ውኃ አልነካችም።»

«ምን አሉኝ?»

«አማና ብለኸኝ አልነበረም ወይ? አንተ በሌለህበት ግማሿን ይዤ ልወጣባት ነው? በአማና ዕቃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዴት ይሠራል? ጠበቅሁህ እንጂ።»

ናኹዳው የሆነውን ሁሉ ቀስ ብለው ነገሩን። በሰሌን አልብሰዋታል። ሳንቃዋ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በየማለዳው በባልዲ የባሕር ውኃ አፍስሰውባታል። በየዓመቱ ዘይት ቀብተዋታል። ልጆቻቸው አድገው «እናውጣት» ሲሏቸው ከልክለዋል። እሳቸው ራሳቸው በዚያ ሁሉ ዘመን በሰው ጀልባ ላይ ተቀጥረው መረብ ሲጎትቱ ኖረዋል፤ ናኹዳ የነበሩ ሰው፣ ሌላው መሪ ሲይዝ እሳቸው ገመድ ሲይዙ። ድንበሩ ከተዘጋ በኋላም ጠብቀዋል። በመጨረሻ ግን ፀሐዩ አሸነፈ። ስንጥቋ እጅ የሚያስገባ ሆነ፤ ምስማሯ ዝጎ ረገፈ።

«ማንም ማገዶ ሳያደርጋት ብዬ እኔው አፈረስኳት» አሉ። «ይቅር በለኝ። አማናህን አልመለስኩልህም።»

«ናኹዳ፣» አለ አባቴ፣ «እኔ አማና ስልዎት እኮ ይሥሩባት ማለቴ ነበር። በእጅዎ ናት፣ እንደ ራስዎ ያድርጓት ማለቴ ነበር። እዚህ ቁጭ ብዬ እርስዎ በየቀኑ የሚወጡባት ነበር የሚመስለኝ።»

«እንዲህ ብለህ አልላክህብኝም።»

«እርስዎስ? ጀልባዋ ደህና ናት ይሉኝ ነበር።»

«ደህና ነበረቻ! ካንተ የሚመጣው ደግሞ ሁሌ እመጣለሁ ነበር። የሚመጣን ሰው ዕቃ እንዴት እነካለሁ?»

ከዚያ ናኹዳው መሳቅ ጀመሩ። ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ፤ ልጃቸው መጥታ ጀርባቸውን ስትደልቃቸው እናያለን። አባቴ አልሳቀም። እንባው ኮቱ ላይ ይወርድ ነበር። «በእኔ ምክንያት ነው የሰው ሎሌ የሆኑት» አላቸው። ናኹዳው ሳላቸው ሲበርድላቸው፣ «በአንተ አይደለም፣ በቃሌ ነው። እሱን ተወው፤ ይልቅ ስለ ብርዳችሁ ንገረኝ» አሉት።

ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተደዋወሉ። ስለ ጀልባዋ ግን ናኹዳው ወሬውን ያስቀይሱት ነበር፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ድሮ ሰዎች፣ በእኛ አገር ዓሣ ሳይበሉ እንዴት እንደሚኖር ያወራሉ። አባቴ ስልኩ ላይ ሳቂታ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወርክሾፑ ውስጥ ገብቶ ሥራ ሳይሠራ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ስገባ ቀና ሳይል፣ «ሹፌሮቹን በኮምቦልቻ ስንት ጊዜ አግኝቻቸው ነበር» አለኝ። «ስንት ጊዜ! ይውጡባት በሉልኝ ማለት ምን ይከብዳል?»

«አላወቅክም ነበር አባዬ» አልኩት።

«ላውቅ ይገባኝ ነበር። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ እኮ። ዓሣ ሲካፈሉ እንኳ የእኔን ድርሻ ነው መጀመሪያ የሚያነሡት።»

እኔም ያን ቀን ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ቃሉን ሰምቼ ነበር። እኔም እንደ እሱ ነበር የገባኝ። ድንበሩ በተከፈተ ጊዜ ሄዶ ቢሆን ኖሮስ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ሄዶ ቢሆንም ጀልባዋ ያኔ ፈርሳ ነበር፣ ናኹዳውም አሰብን ለቀው ጅቡቲ ገብተው ነበር። ይህን ማወቄ ሊያጽናናኝ ይገባ ነበር፤ አላጽናናኝም። የሚቆጨኝ እነዚያ መንገዱ ክፍት የነበረባቸው ዓመታት ናቸው፤ አንድ ሰው ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ በጥቂት ቀን ደርሶ የሚመለስባቸው ተራ ዓመታት። በበጎ ነገር ነበር ያለፉት፤ ሕመምተኛ በማስታመም፣ ቤት በመሥራት፣ እኔን በማስተማር። ለዚህ ማንን ልወቅስ?

ናኹዳው ማረፋቸውን ልጃቸው ደውላ የነገረችን በረመዳን ማግሥት ነው። አባቴ ሰደቃ አወጣላቸው። ከመስጊዱ አጠገብ የሚኖሩትን ጎረቤታችንን ሼኹን ለመናቸውና የገዛው ፍየል በእሳቸው እጅ ታረደ። የሰፈሩ ሙስሊሞች ሁሉ መጥተው ናኹዳውን ሳያውቋቸው ዱዓ አደረጉላቸው። አባቴ እንደ ልማዳችን ከሥጋው አልቀመሰም፤ ማስታጠቢያ ይዞ እየዞረ ሲያስታጥብ ዋለ። ሰዉ ሲበተን ሼኹ አጠገብ ተቀመጠና ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው። ሼኹ አዳምጠውት ሲያበቃ፣

«ልክ ናቸው» አሉ። «አላህ ይዘንላቸው። አማና ባለቤቱ ካልፈቀደ አይነካም።»

«ከመሄዴ በፊት ይውጡባት ብዬ ቢሆንስ?»

ሼኹ አዩት። ሊያጽናኑት የሚችሉበትን መንገድ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ሆኖም ሊዋሹት አልፈለጉም።

«ያኔማ ሐላላቸው ነበረች» አሉት።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። አመስግኗቸው እስከ በር ሸኛቸው።

ከናኹዳው ልጅ ጋር አሁንም በየበዓሉ እንደዋወላለን፤ እሷ በዒድ እኔ በፋሲካ «እንኳን አደረሳችሁ» እንባባላለን። ባለፈው ዒድ ወንዶች ልጆቿ ቤት ነበሩ። ሁለቱም ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አባቴ ይህን ሲሰማ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። ከአሰብ ዘመኑ በቀረው ዐረብኛና እናትየዋ በምታስተረጉምላቸው አማርኛ ያነጋግራቸው ጀመር።

«አያታችሁ ሸራ ማንሣት አስተማሯችሁ?» አላቸው።

እናትየዋ ነበረች የመለሰችለት። «አይ አባባ፣ የሚማሩበት ጀልባ መቼ ነበራቸው? ወንድሞቼም አልተማሩ፣ እነሱም አያውቁም። አባቴ በአፋቸው ሊያስረዷቸው ሞክረው ነበር፤ እንዴት ይገባቸዋል?»

አባቴ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ልጆቹን ደግሞ፣ «ታዲያ ባሕር መካከል ሆናችሁ ነፋሱ ሲዞርባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ጠየቃቸው።

ከሁለቱ ታላቅየው ፈገግ እያለ በትሕትና ወደ ስልኩ ቀረብ አለ።

«ሞተሩን እንጨምራለን፣ አባባ።»

«ጥሩ ነው» አለ አባቴ። «ጥሩ ነው ልጄ። አላህ ይጠብቃችሁ።»

ስልኩን መለሰልኝ። እኔ ከእናትየዋ ጋር ጨዋታዬን ስቀጥል እሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ፀሐይ ወዳለበት ወደ ከፍታው ጫፍ ሄደና ፊቱን አሰብ ወዳለበት ወደ ቆላው አዙሮ ቆመ።